ተመላሽ ሰው ዛፍ ይተክላልን?

ይህች በእጅ የምትጻፍ መጽሔታችን ባለፈው ዙር ከድንኳን ወደ ድንኳን ስትዞር፣ አንድ አንባቢ በመጨረሻው ገጽ ባዶ ቦታ ላይ በእርሳስ አንዲት ጥያቄ ጽፎባት ነበር። «ወደ አገሩ ለመመለስ ቀን የሚቆጥር ሰው በሰው አገር የፍሬ ዛፍ ቢተክል፣ መመለሱን ተወው ማለት ነውን?» ትላለች። መጽሔቷ እኔ ዘንድ ስትደርስ ከጥያቄዋ ሥር በሦስት ልዩ ልዩ እጆች የተጻፉ መልሶች ነበሩ። አንዱ «አዎን፣ ማለት ነው» ይላል። ሁለተኛው «ለመሆኑ ውሃው ከየት ይመጣል?» ሲል ይጠይቃል። ሦስተኛው «በቅድሚያ ሸራው ይታደስልን» ይላል። ሦስተኛው የጥያቄው መልስ ባይሆንም እውነት ነው። ሁለተኛውን ግን እንደ ቀልድ አላየሁትም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ ነገር የምናገረው ከመጽሐፍ ተነሥቼ አይደለም። ወደዚህ ጣቢያ ከመምጣቴ በፊት ካርቱም ውስጥ አንድ የፍሬ ዛፍ ተክዬ፣ አሳድጌ፣ ፍሬውን ቀምሻለሁ። በዚያ ዛፍ ምክንያት ያፈርሁባቸው ሁለት ነገሮችም አሉ። ሁለቱንም እጽፋለሁ።

የኖርሁበት ሰፈር ጅሬፍ ይባላል። አባይ ከነጩ ናይል ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው የሚያልፈው በዚያ ነው። ያን ጊዜ እንደ ዴም ሰፈር ሁሉ የአገራችን ሰው የበዛበት፣ እንጀራና ቡና የማይጠፋበት ሰፈር ነበር። ቤት ያከራዩኝ ሀጃ እያልን የምንጠራቸው አንዲት ባልቴት ናቸው። በግቢያቸው፣ ሱዳኖች ሆሽ በሚሉት፣ ዙሪያውን አራት ክፍሎች ነበሩ። በአንዱ ሀጃ ራሳቸው፣ በአንዱ ልጃቸው ከነቤተሰቡ፣ በአንዱ እኔ፣ በአራተኛው ደግሞ በመንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ የድሬዳዋ ተወላጅ እኅታችን እንኖር ነበር።

በካርቱም ገበያ የገጠመኝ የመጀመሪያው ትምህርት የፍሬ ስም ነው። «ዘይቱን ስጠኝ» ብለው ነጋዴው በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ የወይራ ፍሬ ዘግኖ ሰጠኝ። ለካስ እኛ ዘይቱን የምንለውን እነርሱ ጀዋፋ ይሉታል፤ በእነርሱ ቋንቋ ዘይቱን ወይራ ነው። ሁመር ብዬ ብጠይቅ ዐረዲብ፣ ቁርቁራ ብል ነበግ፣ በደኖ ብል ላሎብ ሆነብኝ። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥቼ ሌላውን ሳስተምር የኖርሁ ሰው በፍራፍሬ መደብ ፊት እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ መቆሜ በበኩሌ አናደደኝ። አንድ ፍሬ ብቻ ስሙን ሳይለውጥ ጠበቀኝ። እርሱም ጊሽጣ ነው። በመጽሐፉ ዐረብኛ ቂሽጣ ይባላል፤ የወተት ስልባቦት ማለት ነው። ሱዳኖች ግን «ቀ»ን ወደ «ገ» አስጠግተው ስለሚናገሩ ከአፋቸው የሚወጣው ልክ እንደኛው ጊሽጣ ነው። ይህን በሰማሁ ቀን ፍሬው የወንዜ ልጅ መሰለኝ።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከገበያ ከገዛሁት ጊሽጣ ያወጣኋቸውን ዘሮች በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ቀበርኋቸው። በቁም ነገር አልነበረም። ዘሩ ጥቁርና አንጸባራቂ ስለሆነ መጣሉ አሳሳኝ እንጂ። አንዷ በቀለች። ጣሳው ሲጠብባት ከሀጃ አስፈቅጄ በሆሹ ጥግ፣ የእቃ እጣቢ በሚደፋበት አጠገብ ተከልኋት።

ዛሬ ያነሣነውን ጥያቄ ያን ጊዜም ራሴን ጠይቄ ነበር፤ መልስም አዘጋጅቼ ነበር። መልሴ አፈሩ ነው። የጅሬፍ ሰዎች በወንዙ ዳር ጡብ ያቃጥላሉ። ጡቡ የሚሠራው አባይ በየክረምቱ ከሚያመጣው ደለል ነበር። ካርቱም በከፊል ከጎጃምና ከወሎ በተጠረገ አፈር የተሠራች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። እንግዲህ «በገዛ አፈሬ ላይ ነው የተከልሁት፣ በሰው አገር አይደለም» እል ነበር። ይህን አንድ ቀን በተሰባበረ ዐረብኛዬ ለሀጃ ባስረዳቸው እየሳቁ፣ «ያ ኡስታዝ፣ አፈሩ ያንተ ከሆነ የኪራዩን ነገር እንዴት እናድርገው?» አሉኝ። ሳቃቸው ትክክል ነበር። ደለሉን ከወንዙ ዳር ያወጣ፣ ያቦካ፣ ያቃጠለ፣ ግድግዳ ያደረገው ሰው እኔ አይደለሁም። ሕጉም ቢሆን ከሀጃ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ መሬትና የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር።

ስለ ፍሬው የነበረኝ ሁለተኛው ምክንያትም አልቆመም። ጊሽጣ የወንዜ ልጅ አይደለም፤ የሀጃም አይደለም። መነሻው የአሜሪካ ሞቃት ምድር ነው፤ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ የተሻገረው አውሮፓውያን በመርከብ ወደዚያ መመላለስ ከጀመሩ በኋላ ነው። በርበሬም ከዚያው ነው። በቆሎም፣ ድንችም፣ በትግራይ ክረምቱን ሰው የሚያጠግበው በለስም እንዲሁ። ያለ በርበሬ ወጥ አልበላም የሚል ሰው፣ ዛሬ በርበሬን መጤ ነው ብሎ ከማድጋ ሲያወጣው አላየንም። ታዲያ አፈሩም የኔ ካልሆነ፣ ፍሬውም የአገሬ ካልሆነ፣ እኔ እዚያ ጥግ ላይ በየማታው ጆግ ይዤ የምቆመው ምን ፍለጋ ነው?

አንድ ነገር ላስታውስ። በ2000 ዓ.ም. መባቻ፣ «ሁለት ዛፍ ለ2000» የተባለው ዘመቻ በነበረበት ጊዜ፣ ተማሪ ነበርሁ። ሁላችንም ወጥተን እየዘፈንን ተከልን። ሁለት ችግኝ ተክያለሁ፤ በአገሬ አፈር፣ በአገሬ ኮረብታ ላይ። የትኛው ጉድጓድ የኔ እንደ ነበር ግን በሳምንቱ አላውቅም ነበር፤ ተመልሼም አላየኋቸውም። ይጽደቁ ይድረቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። በአገሬ የተከልሁትን ረስቼ በሰው አገር የተከልሁትን በየቀኑ ውሃ አጠጣሁ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማመስገን አይደለም። «መትከል አገርን መውደድ ነው» ወይም «መትከል አገርን መርሳት ነው» የሚሉ ሰዎች ሁለቱም በዚህ ምክንያት አያሳምኑኝም። እኔ ሁለቱንም ዓይነት ተክያለሁና።

ዛፉ በሦስተኛው ዓመት አበበ። የጊሽጣ አበባ ለማያውቀው ሰው አበባ አይመስልም። ሦስት ወፍራም፣ አረንጓዴ ቢጫ ቅጠሎች ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ያ ነው። ጠባዩ ግን የሚያስገርም ነው። አንዲቱ አበባ በመጀመሪያ ሴት ሆና ትከፈታለች፤ ያን ጊዜ ዱቄት ለመቀበል ዝግጁ ናት። የራሷን ዱቄት የምታወጣው ግን በማግስቱ ወንድ ስትሆን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የመቀበያዋ ጊዜ አልፏል። ከራሷ ጋር ሳትገናኝ ታልፋለች። በተፈጥሮ ይህን ሥራ የሚሠሩት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው። በካርቱም በጋ ደግሞ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ነው፤ መቀበያው ወዲያው ይደርቅና አበባው ይረግፋል። በዚያ ዓመት የወጣው አበባ ሁሉ መሬት ላይ ቀረ።

መፍትሔው ከአንድ የአትክልት ባለሙያ የተማርሁት ነው። ዝናብ ጥሎ አየሩ እርጥበት ሲይዝ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ወንድ የሆነውን አበባ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ማራገፍ፣ ዱቄቱን በልጆች የቀለም ብሩሽ ነክሮ ሴት የሆነችውን አበባ ውስጧን በቀስታ መቀባት ነው። በካርቱም ዝናብ በዓመት ሁለት መቶ ሚሊሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ ቀኖቹ ጥቂት ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ብርጭቆና ብሩሽ ይዤ በዛፍ ሥር ስንበረከክ የሀጃ የልጅ ልጅ አየኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ነው። «ኡስታዝ አበባ ይኩላል» እያለ በሰፈሩ አወራብኝ። ሻይ ሻጯ እኅታችንም፣ «ወንድሜ፣ አንተን የሚድርህ ሳይገኝ አበባ ትድራለህ?» አለችኝ። ከኻያ ከሚበልጡ አበቦች ሁለት ፍሬ ያዙ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሐፍረቴ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ፍሬዎች ከወፍ ለመጠበቅ በጨርቅ ከረጢት አለበስኋቸው። በየቀኑ እዳብሳቸው ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ያ ልጅ ከረጢቱን ፈትቶ አንዱን ፍሬ ቀጠፈው። ገና ጥሬ ነበር። ጊሽጣ ጊዜው ሳይደርስ ከተቀጠፈ አይበስልም፤ ጠቁሮ ደርቆ ይቀራል። እኔም ልጁን ክንዱን ይዤ ጮኽሁበት። «የኔን ዛፍ! የኔን ፍሬ!» አልሁ። አስተማሪ ሆኜ በልጅ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም ነበር። ልጁ አላለቀሰም። ፍሬውን መልሶ በቅርንጫፉ ላይ ለማንጠልጠል ይሞክር ጀመር።

ሀጃ ከበራቸው ላይ ሆነው ሰሙ። ቆጡኝም አልቆጡኝም። ቀስ ብለው መጥተው፣ «ዛፉ ያንተ ነው እሺ። መሬቱ የኔ ነው። ልጁስ የማን ነው?» አሉኝ። ከዚያም በሃይማኖታቸው፣ ሰው ከተከለው ተክል ወፍም ሆነ እንስሳ ሆነ ሰው ቢበላ ለተካዩ እንደ ምጽዋት እንደሚቆጠርለት ነግረውኝ ገቡ። ወፉ እንኳ ተቆጥሮለታል። እኔ ከወፍም ከልጅም ሰውሬ በከረጢት ያሠርሁት ፍሬ ለማን ኖሯል? «ዛፍ መትከል ተስፋ መቁረጥ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ያን ቀን ለጊዜው ተረሳኝና ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። በእኔ እጅ ያለ ነገር ቢጠፋብኝ የምከፋው እኔ ስለ ደከምሁበት ነው ወይስ በዚህ ምድር ላይ «የኔ» የምለው ሌላ ነገር ስለሌለኝ ነው? እውነቱን ብናገር ሁለተኛው ነው። ስደተኛ ንብረት የለውም ይባላል፤ ስለዚህም ከስስት ነጻ ነው የሚል አለ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ምንም የሌለው ሰው በአንድ ፍሬ ላይ እንደ ባለ ርስት ይሆናል።

ሁለተኛው ፍሬ በታኅሣሥ 2015 በሰለ። ቅርፊቱ በጉብታዎቹ መካከል ነጣ ብሎ ሲሰነጠቅ ደርሷል ማለት ነው። በሀጃ ትሪ ላይ አስቀምጠን ስምንት ሰዎች ተካፈልነው፤ ልጁን ቀድሜ አቀመስሁት። ዘሩን እንዳይነክስ አስጠነቀቅሁት፤ የጊሽጣ ዘር መርዝ አለበት፤ ዱቄቱ ዓይን ከገባ ይጎዳል። የደረሰኝ ማንኪያ አይሞላም ነበር። ነጭ፣ ለስላሳ፣ በምላስ ላይ እንደ ደቃቅ ስኳር የሚፈረፈር፣ በመጨረሻው ትንሽ የጽጌረዳ ሽታ ያለው ነው። የድሬዳዋዋ እኅታችን ቀምሳ ራሷን ነቀነቀች። «ይህ የድሬዳዋ ጊሽጣ አይደለም። የኛው ይጣፍጣል» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከራት ነበር፤ በትዝታ ውስጥ ያለ ፍሬ ሁሉ ስኳር ይጨመርበታልና። ግን ደግሞ ልትሳሳት የምትችለውን ያህል ልክም ልትሆን ትችላለች። ከዘር የበቀለ ጊሽጣ እናቱን አይመስልም፤ በመልክም በጣዕምም የራሱ ነው። እናቱን የሚመስል ከፈለግህ ማዳቀል አለብህ። በጣቢያችን የተወለዱትን ልጆች እያየሁ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ እዚህ ግን አልገባበትም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን «አዎን» ወዳለው ሰው ልመለስ። ማን እንደሆኑ የእጅ ጽሑፋቸውን አውቀዋለሁ፤ ሁላችን ጋሽ የምንላቸው ሰው ናቸው። ሄጄ አነጋገርኋቸው። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ በጉብዝናቸው ወደዚህ አገር ተሰደው ነበር፤ ተመለሱ፤ ዘንድሮ ደግሞ ሽማግሌ ሆነው እንደገና እዚህ ናቸው። ያኔ አብሯቸው የመጣ ወንድም ነበራቸው። ከአንድ ሱዳናዊ ጋር በእኩል ተዋውሎ ሎሚ ተከለ። ሌሎቹ ሲመለሱ «ዘንድሮ ሊያፈራ ነው፣ አንድ ዓመት ልቆይ» አለ። ባፈራ ጊዜ «የሚቀጥለውን ልይ» አለ። እናታቸው እርሱን ሳታይ ሞተች፤ እርሱም አገሩን ሳያይ እዚያው ሞተ። «ሎሚው ነው የያዘው» ይላሉ ጋሽ። «አንተ የተማርህ ነህ፤ ልትመልስልኝ ትችላለህ?»

ልመልስላቸው አልቻልሁም። ዛፍ ይይዛል። ይህን የማይቀበል ሰው ተክሎ አያውቅም። ነገር ግን ጋሽ ለማስረጃ የመዝሙረ ዳዊትን ምርኮኞች ጠቀሱልኝ፤ በባቢሎን ወንዞች ዳር በገናቸውን በዛፍ ላይ ሰቅለው አልዘምርም ያሉትን። እኔም፣ «ጋሽ፣ ያ በገና የተሰቀለበትን ዛፍ ማን ተከለው?» አልኋቸው። ለማሸነፍ ብዬ አልነበረም፤ በእርግጥ ስለ መጣብኝ ነው። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 29 ለእነዚያው ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ ያዛቸዋል። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል ሰው በሁለት ዓመት ትመለሳላችሁ ብሎ ሕዝቡን ደስ አሰኝቶ ነበር። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት ነው አለ። ልብ በሉ፣ ትከሉ ያለው አትመለሱም ብሎ አይደለም። መመለሱንም እዚያው ደብዳቤ ላይ ጽፎታል። ጋሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ወንድሜ ግን ደብዳቤ አልደረሰውም» አሉኝ።

ሁለተኛው ሐፍረቴ የውሃ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ የሰፈራችን ቧንቧ ደረቀ። ውሃ ለማምጣት ወንዝ መውረድ፣ ለመውረድም ነፍስን መያዝ ሆነ። በሆሹ ውስጥ ያለነው ሁሉ ከአንድ በርሜል እየተሰፈረልን ነበር። በአምስተኛው ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል ብዬ፣ ከድርሻዬ ያስቀረሁትን አንድ ጆግ የሚጠጣ ውሃ ለጊሽጣው አፈሰስሁለት። የኔ ድርሻ ነው፣ የማንንም አልነካሁም፣ ብዬ ነበር። ነገር ግን አጠገቤ ባለው ክፍል ውስጥ ያ ልጅ በውሃ ጥም ሲነጫነጭ ማምሸቱን ሰምቻለሁ። ጆጉን ለእርሱ መውሰድ ይቻል ነበር። አልወሰድሁትም። ጠዋት ሀጃ የረጠበውን አፈር አዩ፤ ቀና ብለውም አዩኝ። ምንም አላሉም። «ለመሆኑ ውሃው ከየት ይመጣል?» ላልህ ወንድሜ፣ መልሱ ይህ ነው፤ ከሰው ጉሮሮ የሚመጣበት ቀን አለ። ያን ቀን ዛፍ ስሕተት ነው። ዛሬም ይህን አምናለሁ።

ከሳምንት በኋላ ወደ ገዳሪፍ ወጣን። ከኔ ጋር የመጣው አንድ ቦርሳና በመሐረብ የተቋጠሩ የዚያ ፍሬ ዘሮች ናቸው።

በዚያው ጦርነት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወድ መደኒ ስትያዝ፣ ሱዳኖች የማሽላቸውን፣ የዳጉሳቸውንና የሌላውን እህል ዘር ከየመንደሩ ሰብስበው ያኖሩበት የዘር ማከማቻ ተዘረፈ። ከ15 ሺህ የሚበልጥ የዘር ናሙና የነበረበት ነው። ከእነዚያ ዘሮች የከፊሉን ግልባጭ ቀደም ብለው ወደ ኖርዌይ ልከው ነበር፤ በስቫልባርድ በረዶ ተራራ ውስጥ በ2000 ዓ.ም. በተከፈተው ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከዘረፋው በኋላ፣ በየካቲት 2017፣ የተረፋቸውን እንደገና ላኩ። ማሽላው ኖርዌይ ገብቷልና ሱዳንን ከዳ የሚል ሰው አልሰማሁም። ከልዩነቱ ጋር ነው፤ ዘሩ እዚያ በብርድ ተኝቷል እንጂ አልተተከለም። ጋሽ ይህን ባጫውታቸው፣ «አየህ፣ እነርሱ እንኳ በሰው አገር አልተከሉትም» ብለው ሳቁብኝ።

ብርድ ላይ የተኛ ዘር ዘመን ይጠብቃል። በመሐረብ የታሰረ ግን አይጠብቅም። የጊሽጣ ዘር በደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ዓመት ነው የመብቀል አቅም የሚኖረው። የኔዎቹ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። አገሬ ስገባ እተክላቸዋለሁ ብዬ ነበር ያኖርኋቸው። በዚህ ዓመት ውስጥ አገሬ ካልገባሁ፣ መመለሴን ስጠብቅ የሚሞቱት እነርሱ ናቸው። ለመመለሻ ብዬ ያስቀመጥሁት ነገር መመለሻውን አይጠብቅልኝም ማለት ነው። ይህ የዘር ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የተማርሁት የማስተማር ሙያም እንዲሁ በመሐረብ ታስሮ ሊደርቅ ነበር። እዚህ ሸራ ሥር ሠላሳ ልጆች ማስተማር የጀመርሁት በዚህ ምክንያት ነው። ያስጠይቀኛል፣ ይይዘኛል፤ አውቃለሁ። ከጋሽ ወንድም ጋር የምለይበት ነገር ካለ፣ የሚይዘኝን ነገር ለሌላ ሰው አስረክቤ የምነሣበትን መንገድ ከወዲሁ ማሰናዳቴ ብቻ ነው፤ ያም እንዲሳካ ዋስትና የለኝም።

ካርቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በሠራዊቱ እጅ ከተመለሰች በኋላ የሀጃ ቤተሰብ ወደ ጅሬፍ ገቡ። ያ ልጅ አሁን አድጓል፤ በአባቱ ስልክ ደወለልኝ። በጦርነቱ ጊዜ ከተማ ውስጥ ማገዶ ጠፍቶ ሰው ዛፍ እየቆረጠ ያበስል ነበር። ጊሽጣውንም ቆርጠው ወስደውታል። ማን እንደ ቆረጠው አይታወቅም፤ የቸገረው ሰው ነው። «ጉቶው አለ» አለኝ ልጁ። የጊሽጣ ጉቶ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቅጠል አውጥቶ እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ተውሁት። ስለ እርሱ ስለ ራሱ ጠየቅሁት፤ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል።

ዘሮቹ አሥራ አንድ ናቸው። የኛ የጣቢያው አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ጊሽጣ ሥሩ ውሃ ላይ ሲቆም ይበሰብሳል። ስለዚህ በቀጥታ መሬት ላይ አይሆንም፤ ከጅረቱ ዳር አሸዋ አምጥቶ እኩል በእኩል መቀላቀል፣ ጣሳውንም ከሥሩ በምስማር መብሳት ያስፈልጋል። የሚጠጣ ውሃ አይሰጠውም፤ የእጅ መታጠቢያ ይበቃዋል። ሁለቱን ጋሽ ወስደዋል፤ ለምን እንደ ወሰዱ አልነገሩኝም። አራቱን ለተማሪዎቼ ሰጥቻለሁ። አምስት ዘር እኔ ጋ አለ። ጣሳ ያለው ሰው ከዝናቡ በፊት ይምጣ።